የመክፈቻው ቀን ጨዋታ

ኅዳር 6

ለትልቋ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

«ሙሉ ስምሽን አይቼ ማን እንደሆንሽ ጠፋኝ» ብለው የጻፉልኝ ደርሶኛል። እውነትዎን ነው፤ በሙሉ ስሜ እዚያ ትምህርት ቤት ማን ያውቀኛል? ድምቡሼ ነኝ፣ የትንሿ እትዬ ልጅ። ዛሬ ቢያዩኝ ድምቡሼ የሚያሰኝ ነገር የለኝም፣ አጥንትና ቆዳ ሆኛለሁ፤ ስሙ ግን ተጣብቆብኝ ቀርቷል። ማተሚያ ቤት ጽሑፍ አራሚ ነኝ። ያልደወልኩት ሴት ልጅዎ «በስልክ አትሰማም፣ ብትጽፊላት ይሻላል» ስላለችኝ ነው።

«ታሪክ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?» ላሉት መልሱ አጭር ነው፤ ኮሚቴ። ትምህርት ቤታችን በመጋቢት አርባ ዓመት ይሞላዋል፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ኮሚቴ ደግሞ ከተቋቋመ መጽሐፍ ሳያሳትም አይበተንም። ዳይሬክተሩን ያስታውሱታል፤ በጨዋታው ላይ ውሻ ሆኖ የሚጮኸው ልጅ። አሁን ክራቫት ያስራል። «አንቺ ፊደል ላይ ነው የምትውዪው፣ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ጻፊ» ብሎ ጫነብኝ። ማረም ሌላ፣ መጻፍ ሌላ ብል ማን ይስማኝ!

ችግሩ ደግሞ ያ የእርስዎ ጨዋታ ነው። በየዓመቱ በመክፈቻው ቀን ልጆቹ የትምህርት ቤቱን አከፋፈት ይጫወታሉ፤ ከዚያ በፊት ባለው ሸንጎ ደግሞ በድምፅ ብልጫ አንድ ነገር መቀየር ይችላሉ። ይሁን፣ ለልጅ ጥሩ ነው። ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ አንድ አንድ ነገር ሲቀየር ምን እንደሚተርፍ አስበውታል? የቀድሞ ተማሪዎችን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንዱ ያን ቀን ዶፍ ዝናብ ነበር ይላል። ሌላዋ የመጀመሪያውን ተማሪ ውሻ እየጎተተ አመጣው ትላለች። አንዱማ በሩ አልከፈት ብሎ መንገደኛ በትከሻው ገጭቶ ከፈተው ብሎ፣ መንገደኛው የገዛ አባቱ እንደሆነ ምሎ ነገረኝ። አባቱን ጠየቅኳቸው፤ ትከሻቸውን እያሻሹ «አዎ» አሉኝ።

ዝናቡም ውሻውም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አዲሱ አዳራሽ በር ላይ የመሥራቾች ስም በድንጋይ ይቀረጻል። ዳይሬክተሩ የሰጠው ስም የእርስዎን ብቻ ነው። «እናቴስ?» ስለው፣ «ትንሿ እትዬ በመክፈቻው ቀን አልነበረችም፣ ነበረች የሚለው ጨዋታው ብቻ ነው» አለኝ። እናቴ በሕይወት እያለች ቢሆን አፉን ሞልቶ ይህን ባልተናገረ! ድንጋይ ጠራቢው ይጠብቃል። በመክፈቻው ቀን ነበረች አይደል? «አዎ» ይበሉኝና ይለቅልኝ።

አክባሪዎ፣
ድምቡሼ


ኅዳር 24

አንቺ ድምቡሼ፣

አንቱ አልሺኝ? እኔን? አንቱታን ከዚያ ግቢ ለማስወጣት ከስንት ወላጅ ጋር እንደተናቆርኩ ብታውቂ ኖሮ እጅሽ ባልጻፈው! አንዱ አባት «ልጄ አስተማሪዋን አንቺ ካለች ነገ እኔን ምን ልትለኝ ነው?» ብሎ ልጁን እየጎተተ ወጣ። በሳምንቱ መልሶ አመጣት። ቤት ውስጥ «እራት ላይ ሸንጎ ይጠራልኝ» እያለች አላስቀምጥ ብላው ነው። አንቺም አርባ ዓመት ሞላኝ ብለሽ አትኩሪብኝ።

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጊልኝ። የእናትሽ ቀብር ላይ አለመቆሜ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ጉልበቴ ያን ሰሞን ከአልጋ እስከ መስኮት አላደርስ ብሎኝ ነበር። ልጄም «ሞተሽ ልትቀብሪ ነው የምትሄጂው?» ብላ ጫማዬን ደበቀችብኝ። አሁን ደግሞ ጨው ትደብቃለች። ይኸውልሽ እርጅና፣ ልጅ ሆኖ መደበቂያ ሳይኖር መኖር ነው።

ትምህርት ቤቱ ምን ይመስል ነበር ላልሽው፤ የእንጨት ሥራ ቤት ነበር። ባለቤቱ አናጢ ዕቃውን ይዞ ሲለቅ መጋዙን አልረሳም፣ ሰጋቱራውን ግን ረሳው። የመጀመሪያውን ሳምንት ልጆቹ ሲያስነጥሱ ነው ያሳለፉት። ጥቁር ሰሌዳ አልነበረንም፤ የቁምሳጥን በር ገልብጠን ቀባነው። ወንበር በረድፍ አይደረደርም አልኩ፣ ክብ ይሁን። አለንጋ አይገባም። አንደኛ ሁለተኛ የሚባል የለም። አርብ አርብ ልጆቹ ሸንጎ ይቀመጣሉ፣ በቆርኪ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሸንጎው የወሰነው ደግሞ እኛንም ያስረናል። አንድ ጊዜ «አስተማሪዎች ሰኞ ሰኞ አይቆጡ» ብለው ወስነው፣ ማክሰኞ እስኪደርስ ጨጓራዬ ሊፈነዳ! ይህን ሁሉ ጻፊው።

ዝናብማ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እርስ በርስ አንሰማማም ነበር። ጫማዬ ርሶ… ቆይ። ዝናቡን ልጆቹ አይደሉም እንዴ ያስገቡት? አዎ፣ ኩሬ ላይ መዝለል ያማራቸው ጊዜ። ታዲያ የጫማዬን መራስ ከየት አመጣሁት? ድምቡሼ፣ አንቺ ግራ ከተጋባሽ እኔ ምን ልሁን!

ስለ እናትሽ፤ እናትሽ የሌለችበት ትምህርት ቤት አልነበረም። እንዲህ ብለሽ ጻፊ።

መስኮቶቹ አሁንም ክፍት ናቸው ወይ? እሱን ንገሪኝ።

የድሮዋ
ትልቋ እትዬ


ታኅሣሥ 10

ትልቋ እትዬ፣

ይኸው አንቺ ብዬሻለሁ፤ ሁለቴ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ልጅ ሆኖ ማለቱ ይቀላል።

አዎ፣ መስኮቶቹ ክፍት ናቸው። ትናንት ሄጄ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ልጆቹ ካፖርታቸውን ለብሰው ነው የሚማሩት፣ ዳይሬክተሩ ከክራቫቱ በላይ ረጅም የሱፍ ሻርፕ ይጠመጥማል፤ ማንም ግን መስኮት አይዘጋም። በሩ ላይ «መስኮት አይዘጋም» የሚለው በትልቁ ተጽፏል። ለወላጆች በሚታደለው ወረቀት ላይ ደግሞ «የአስተሳሰብ ነፃነት መሠረታዊ መርሃችን» ይላል። አንዲት እናት ትርጉሙን ስትጠይቀው ሰማሁ፤ አንድ ግማሽ ሰዓት አስረዳት። ስትወጣ «እና ልጄ ጉንፋን ቢይዘውስ?» አለች።

ዘበኛውን ስለ ውሻው ጠየቅኩት። «በዚህ በእጄ ነው የቀበርኩት» ብሎ ዛፉ ሥር ወሰደኝ። ቆፍረን እንየው ስለው «የሞተ ውሻ ምን ይታያል?» ብሎ ተቆጣኝ።

ዳይሬክተሩ ግን ፎቶ አሳየኝ። የመጀመሪያው ዓመት ነው። አንቺ መሀል ቆመሻል፣ ፀጉርሽ ጥቁር፣ ዘጠኝ ልጆች አጠገብሽ። እናቴ የለችም። አንድ ነገር ደግሞ አራሚ ሆኜ ነው መሰለኝ ዓይኔ ያዘ፤ ከኋላሽ ያሉት መስኮቶች ሁሉ ዝግ ናቸው።

«እናትሽ የሌለችበት ትምህርት ቤት አልነበረም» የሚለው አማርኛሽ ያምራል፣ መልስ ግን አይደለም። ለድንጋዩ ብቻ ብዬ የምጨቀጭቅሽ አይምሰልሽ። ታውቂያለሽ፣ አባቴ ሳልወለድ ሞቷል። እኔ የተወለድኩት ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ሰሞን ነው። እስክማር ድረስ ያደግኩት አያቴ ቤት ነው። እናቴን የማውቃት ከረሜላ ይዛ በምትመጣ እንግዳነቷ ነበር። በር ላይ ትቆማለች፣ ታየኛለች፣ ትሄዳለች። ኋላ አብረን መኖር ስንጀምርም ጉንጬን ስማኝ አታውቅም፤ ፀጉሬን ነው የምትስመው። ሰማያዊ ኩባያዋን ማንም አይነካባትም ነበር። አንድ ቀን በጥማት ብጠጣበት ነጥቃ መሬት ላይ ከሰከሰችው፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ በማግሥቱ ሌላ ሰማያዊ ኩባያ ገዛች። እንዲህ ያለች እናት!

«እኔ ሕፃን ሳለሁ የት ነበርሽ?» ስላት መልሷ አንድ ነበር፤ «ከእትዬ ጋር ትምህርት ቤት ስንከፍት።» እኔም ትምህርት ቤቱን ስለምወደው ይቅር አልኳት። ለሌሎች ልጆች ብላ ነው የተወችኝ፣ ምን አለበት፣ አልኩ። አሁን ያ ፎቶ መጣ። በመክፈቻው ቀን ካልነበረች የት ነበረች? እኔስ ምኑን ነው ይቅር ያልኳት?

እባክሽ።

ድምቡሼ


ጥር 2

ድምቡሼ የኔ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ልጄ «ፊትሽ ለምን ገረጣ?» አለችኝ። ጨው አነሰብኝ አልኳት።

ከሁሉም በፊት ውሻውን ላንሳልሽ። ውሻ አልነበረም። ልጆቹ ናቸው በድምፅ ያስገቡት። ስሙ ዳኛው ነበር፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። የሌለ ውሻ ስም እንዴት እንደማውቅ አትጠይቂኝ፤ ዘበኛውን ግን አታስቀይሚው፣ የሆነ ነገር ቀብሮ ይሆናል።

ስለ ፎቶው፤ ፎቶውን ያነሳችው እናትሽ ናት። ለዚያ ነው የማትታየው። እንዲህ ቀላል ነገር!

ብርዱ ከባድ ከሆነ ልጆቹን ትኩስ ነገር ያጠጧቸው በይልኝ። እጄ ደከመ፣ እዚህ ላይ ላቁም።

ትልቋ እትዬ


ጥር 16

ለክብርት ትልቋ እትዬ፣

አንቱ በማለቴ ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡ። ዛሬ አንቺ የሚለው ቃል ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ፎቶው ግርጌ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለበት። ያነሳው ባለ ፎቶ ቤቱ ነው። እናቴ ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉ ካሜራ በየትኛው በኩል እንደሚታይ አታውቅም ነበር፤ የምርቃቴን ቀን አውራ ጣቷን አንስታ ነው የመጣችው።

ልጅ ሳለን ለምን አንገረፍም ብለን ስንጠይቅዎ «ልጅ እውነት የሚናገረው ካልፈራ ነው» ይሉን ነበር። እርስዎ ታዲያ ማንን ፈርተው ነው? ይህን ያህል ዓመት ያለ አለንጋ አሳድገውን ዛሬ ይዋሹኛል? ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናቴን ቀብሬ ዓመት አልሞላኝም፣ አሁን ደግሞ ማንን እንደቀበርኩ ጠፋኝ።

የማስበውን ሁሉ ቢያውቁት! ሌላ ቤት ነበራት? ሌላ ልጅ? ታስራ ነበር? ወይስ ዝም ብላ ጠላችኝ? ማታ አስባለሁ፣ ቀን ሥራ ላይ አስባለሁ፤ የሰው ጽሑፍ ሳርም «እናት» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቀይ ብዕሬ ይቆማል። አለቃዬ «ምነው፣ ተሳስቷል?» ይለኛል።

ዳይሬክተሩን ድንጋዩን እንዲያዘገይ ለምኜዋለሁ። «ለአንቺ ስል እስከ የካቲት መጨረሻ» ብሏል። ይንገሩኝ። መጥፎም ቢሆን ይንገሩኝ። መጥፎውን እችለዋለሁ፤ የማልችለው ይህን መሀል ሰፋሪነት ነው።

ድምቡሼ


የካቲት 9

ድምቡሼ፣

ስንት ወረቀት ቀድጄ እዚህ ደረስኩ። አንቱ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አልተቀየምኩም፤ ይገባኛል።

የፈራሁት እናትሽን ነው። አስምላኛለች። «እኔ ከሞትኩም በኋላ ልጄ እንዳትሰማ» ብላ እጄን ይዛ አስምላኛለች። መሐላዬን አፈረስኩ፤ እሷ ወዳለችበት ስሄድ የምትለኝን ትበለኝ። አንቺ ጠላችኝ ወይ ብለሽ እያሰብሽ መሐላ መጠበቅ ግን ከኔ አቅም በላይ ነው።

እኔና እናትሽ አስተማሪነት አብረን ነው የተማርነው። ትምህርት ቤቱን ያሰብነው ሁለታችን ነን። አንድ አልጋ ላይ ተጋድመን ጣሪያ ጣሪያ እያየን «አለንጋ የለም»፣ «የለም!»፣ «አንደኛ የለም»፣ «የለም!» እየተባባልን። ሸንጎውን ያመጣችው እሷ ናት። የአናጢውን ቤትም አንቺን አርግዛ በእግሯ ዞራ ያገኘችው እሷ ናት። ስትወልድሽ ግን ሳሏ አልቆም አለ። ደም ተፋች። ሳንባ ነቀርሳ ነው አሏት።

ዛሬ ቀላል ሊመስልሽ ይችላል። ያን ጊዜ ግን የዚያ በሽታ ስም ከተጠራ ሰው ደጅሽን አይረግጥም። ከከተማ ውጭ ወዳለው የሳንባ ሆስፒታል ወሰዷት። አንቺን አንድ ጊዜ አቅፋሽ ነበር፤ ከዚያ ሐኪሞቹ ከለከሏት፣ አያትሽ ተቀበለችሽ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እሷ እዚያ ተኝታ ነበር። ወደ እኛ የመጣችው በሦስተኛው ዓመት ነው። ዳይሬክተርሽ ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ግን ምንም አላሳወቀውም።

ስትመጣ ሐኪሞቹ «ድነሻል፣ ወደ ማንም አታስተላልፊም» ብለው ነበር። እሷ አላመነችም። እንግዲህ ልንገርሽ፤ መስኮቱ የአስተሳሰብ ነፃነት አይደለም። እናትሽ ክፍል የምትገባው መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ከተከፈተ ብቻ ነበር። አንድ ልጅ በብርድ ቢዘጋው ወጥታ ደጅ ትቆማለች። ልጆቹ «ለምን?» ሲሉ «መስኮት አይዘጋም» ትላለች፣ በቃ። እነሱም ሸንጎ ላይ ደንብ አደረጉት። አንድ የተማሩ እንግዳ መጥተው «ምን ዓይነት ጥልቅ ፍልስፍና ነው!» ሲሉ እኔና እሷ ጓዳ ገብተን አፋችንን ይዘን ሳቅን። እናትሽ ስትስቅ እንዴት እንደነበረች ታስታውሻለሽ አይደል? ስቃ ስቃ መጨረሻዋ እንባ ነው።

ኩባያውም እንደዚያው። ጉንጭሽም እንደዚያው። ስንቴ ነገርኳት፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪም ምሎልሽ ልጅሽን ለመሳም ትሰስቻለሽ?» ብዬ። «ከተሳሳቱስ?» ነው መልሷ። ድና ከወጣችም በኋላ ቶሎ ያልወሰደችሽ ለዚህ ነው። በር ላይ የምትቆመው አየሩ ደጅ ስለሚሻል ነው። አሁንስ ይነገራት ስል ደግሞ «ልጄ እድሜዋን ሙሉ ስማኝ ኖራ፣ ኋላ አፏን እንድትጠርግ አልፈልግም» ትለኛለች።

ቀጥሎ የምትጠይቂኝን ግን የማላውቀው መስሎሽ እንዳይሆን። «ትምህርት ቤት ስንከፍት ነበር» ያለችሽ ለምን ይመስልሻል?

የመጀመሪያ ዓመትሽን አታስታውሺውም። ሁለት የፊት ጥርስሽ ወልቆ፣ እንደ ዳቦ የተነፋሽ ነበርሽ። ከመክፈቻው ቀን በፊት ያለው ሸንጎ ደረሰ። በጨዋታው ላይ ያን ጊዜ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ በሩን እከፍታለሁ፣ ማንም የለም፣ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ልጆቹ ይመጣሉ። ልጆቹ የማለቅሰው ተማሪ ጠፍቶ ይመስላቸው ነበር። ተማሪ አልጠፋም፣ ጠዋቱን ነው የመጡት። ከጨዋታው ሁሉ እውነት የቀረው ለቅሶው ብቻ ነው፤ ያለቀስኩትም የእናትሽን ባዶ ወንበር አይቼ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

«ሊቀየር የሚገባ አለ?» አልኩ። አንዱ አንበሳ ይግባ አለ። አንቺ እጅሽን አወጣሽ። አዲስ ስለሆንሽ ሁሉም ዞሮ አየሽ። በዚያ ጥርስ በሌለው አፍሽ፣ «ትልቋ እትዬ ብቻዋን አታልቅስ። እናቴ ትምጣላት» አልሽ።

ባለ አንበሳው ተቆጣ። «እናትሽ ያኔ አልነበረችም!» አለ። አንቺም «አሁን አለች አይደል?» አልሽው።

ቆርኪው ጣሳው ውስጥ ሲንኳኳ አሁንም በጆሮዬ አለ፤ ለስልክ ደንቁሮ ለዚያ ያልደነቆረ ጆሮ። ሁሉም ሰጡ፣ ባለ አንበሳውም ጭምር። እናትሽ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ መጣችና «እንግዲህ ሸንጎው ወስኗል፣ ነበርኩ ማለት ነው» አለችኝ። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ሸንጎው የወሰነው እኛንም ያስረናል። የት ነበርሽ ስትያት አንቺ ራስሽ የሰጠሻትን ቦታ ነገረችሽ። ሌላ የምትነግርሽ ቦታ አልነበራትም። ባይሆንላትም መቆም የምትፈልገው እዚያ ነበር።

ድንጋዩን አንቺ እንደሚመስልሽ አድርጊ። ብቻ ዝም አትበይኝ፤ ዝምታሽን አልችለውም።

ትልቋ እትዬ


መጋቢት 17

እትዬዬ፣

በዝምታዬ ማሪኝ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ደብዳቤሽን ተቀብያለሁ። «ተቀየምሽኝ ወይ?» ላልሽው፤ አልተቀየምኩሽም። አምርሬ ለመቆጣት ሞክሬ ነበር፣ ማንን እንደምቆጣ አጣሁ። ሰማያዊ ኩባያዋ እኔ ጋ ነው። ያን ቀን ሳነብሽ አውጥቼ ውኃ ጠጣሁበት። ከዚያ ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም፤ ሥራ መሄድ፣ ማረም፣ መመለስ። ጉንጬን እየነካሁ መስታወት ፊት ስቆም ራሴን ያዝኩት፤ አሳቀኝም።

ዓርብ ከመክፈቻው ቀን በፊት ያለው ሸንጎ ነበር። ሄድኩ። እንግዳ እንዲናገር ቆርኪ ሊሰጠው ይገባል አይደል? ከልጆቹ አንዱ የራሱን ሰጠኝ። እኔ እንደ ሕፃን ክቡ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሆስፒታሉን፣ ሦስተኛውን ዓመት፣ መስኮቱን። መስኮቱ ላይ ስደርስ ዳይሬክተሩን አየሁት፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ያ የአስተሳሰብ ነፃነት ወረቀቱ። ከዚያ «ጨዋታው ይስተካከል፣ እናቴ ትውጣ፣ እውነቱ ይሁን» አልኩ። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ የወሰንኩት እሱን ነበር።

ከዚያ መነጽሯን በላስቲክ ያሰረች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ሕፃኗስ?» አለች።

«የቷ ሕፃን?»

«የሴትዮዋ ሕፃን። ያን ቀን የት ነበረች?»

«አያቷ ቤት» አልኳት።

«ጨዋታው ላይ ለምን የለችም?»

አርባ ዓመት፣ እትዬ! አንበሳ ጠይቀዋል፣ ዝናብ ጠይቀዋል፣ ውሻ ጠይቀዋል፣ ያን ሁሉ ልጅ አልፎ ማንም ያን አልጠየቀም። እኔም ራሴ አልጠየቅኩም። «እንጃ» አልኳት።

ልጅቷ አሰበችና «እናትየው አትውጣ። ሕፃኗን አዝላ ትምጣ» አለች። እንደ ድሮው ሁሉ አንድ ተከራካሪ አይጠፋም፤ አንድ ረዘም ያለ ልጅ ተነሣና «አይሆንም፣ ታማለች ተብሏል፣ ሐኪሞቹ ከልክለዋል፣ ልታዝላት አትችልም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ እንኳ አንገቴን ነቀነቅኩለት።

ባለ መነጽሯ ምን እንዳለች ልንገርሽ። «መስኮቱን ከፍተን ታዝላታ!» አለች፤ እንዴት ይህ ይጠፋችኋል በሚል ቁጣ።

ያለሁበትን ረሳሁ። ጣሳው ሲዞር ደርሶ እኔ ፊት ቆመ። እውነቱን ላስተካክል የሄድኩት ሰውዬ፣ ማለቴ ሴትዮ፣ ቆርኪዬን ጨመርኩ።

መጽሐፉ ላይ እንደሆነው ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጓደኛሞች አሰቡት፣ አንዷ ከፈተችው፣ ሌላዋ ታማ በሦስተኛው ዓመት መጣች፣ መስኮቱን እሷ ከፈተችው። ቀጠሮው ቢያልፍም ድንጋዩን አቆይቶልኝ የነበረው ዳይሬክተር አንብቦት ለረጅም ጊዜ ሻርፑን ሲጠመጥምና ሲፈታ ቆየ፣ ከዚያ ስልክ አንስቶ ለድንጋይ ጠራቢው «ሁለት ስም ነው» አለው። የወላጆቹን ወረቀት ግን አልቀይርም ብሏል፤ ብዙ አሳትሞ ኖሯል።

በመጽሐፉ እናቴ አልነበረችም፣ በጨዋታው ነበረች፣ እኔም ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። የትኛውን ታምኛለሽ ብትዪኝ ግራ ገብቶኛል። ያንቺ ጫማ በሌለ ዝናብ ከራሰ የኔም ጉንጭ ሊሞቀው ይችላል ብዬ ዝም ብያለሁ።

ጨዋታው ትናንት ሆነ። መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አለቀስሽ፤ አንቺን የሆነችው ልጅ ጥሩ አድርጋ ነው ያለቀሰችልሽ፣ ንፍጧ ሳይቀር። እናቴን የምትሆነው ባለ መነጽሯ ናት። ሕፃን የሚሆን ነገር ጠፍቶ ሲተራመሱ ዳይሬክተሩ ሻርፑን ፈትቶ ሰጣቸው። ጠቅልለው ለባለ መነጽሯ አሳዘሏት። ልጅቷ ልትገባ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ የረሳችው ነገር ትዝ አላትና ተመልሳ እኔ ጋ መጣች።

«ሕፃኗ ታለቅሳለች ወይስ አታለቅስም?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አታለቅስም፣ ተኝታለች» አልኳት።

ያንቺው፣
ድምቡሼ